ትናንት ያላደረገችው ዱዓ

ከሰንበቴ ወደ ከሚሴ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል፤ አንዷ ወጣት እናት፣ ሌላዋ በዕድሜ ጠና ያሉ ጎረቤቷ። የወጣቷ ልጅ ከሚሴ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ዛሬ ኦፕራሲዮን ይደረጋል።

«ትናንት ለዱዓ ሄደሽ ነበር አሉ?»

«አዎ እማማ። ሸኹ ‹ጉዳይሽን ተናገሪና አሚን እንበልልሽ› አሉኝ።»

«ምን አልሽ?»

«‹አላህ ያሻውን ያድርግ› አልኩ።»

«በቃ?»

«በቃ። ሰዉ ሁሉ አሚን አለ።»

«ልብሽስ ምን ይል ነበር?»

«ልጄን አትውሰድብኝ ነዋ።»

«ታዲያ ምነው ደበቅሽው?»

«አላህን ማዘዝ መሰለኝ።»

«ወይ አንቺ! እሱማ ልብሽን ሰምቷል፤ ያታለልሽው አሚን ባዩን ነው። እዚህ ጨፋ ሜዳ ላይ ዝናብ ሲጠፋ ‹ያሻህን› ብለን ነው ወደ ቤት የምንገባው? ጉሮሯችን እስኪደርቅ ‹ዝናብ ስጠን› እንል የለ!»

«ቢከለክለኝስ?»

«ያን ጊዜ ‹ያሻህን› ትያለሽ፤ እያለቀስሽም ቢሆን። እኔ የበኩር ልጄን የቀበርኩ ቀን እንደዚያ ነው ያልኩት።»

ወጣቷ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

«ያ ረቢ፣ ልጄን ተውልኝ። እባክህ ተውልኝ። ካልሆነም... ካልሆነም ያንተው ነው።»

«አሚን» አሉ ጎረቤቷ።

«አሚን» አለ ሾፌሩም፣ ዞር ሳይል።

ከሚሴ ገብተን መውረጃዬን ስናልፍ «ወራጅ አለ» አላልኩም፤ ሾፌሩ ለእኔ ብሎ ከሆስፒታሉ በፊት እንዲቆም አልፈለግሁም።