አባዬ የተባለው ካናቴራ

ልጅ የሚናገረው ከቤቱ የሰማውን ነው ይባላል። አይደለም፤ ክፍል ውስጥ የማያስቅበትን ነው።

ሰባተኛ ከሚባለው ሰፈር በተሳፈርኩበት ታክሲ አንዲት ወጣት እናት ፌስታል ታቅፋ ከፊቴ ተቀምጣለች። ወሬውን የጀመሩት አጠገቧ ያሉት ትልቅ ሴት ናቸው።

«የልጅ ቢጃማ ነው?»

«አዎ እትዬ። ነገ ትምህርት ቤት ለብሶት ይሄዳል። የቢጃማ ቀን ነው ብለውናል።»

«እኔ ልጆቼን በቢጃማ ከበር አትውጡ እያልኩ ነው ያረጀሁት።»

«የኔው ቢጃማም አያውቅ። የሚተኛው የአባቱን አሮጌ ካናቴራ ለብሶ ነው። ስሙን ራሱ አባዬ ብሎታል። ሲመሽ ‹አባዬን አልብሺኝ› ይለኛል።»

«አባቱስ?»

«የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው።»

«ታዲያ ቢጃማ ምን አስገዛሽ?»

«መምህሯ ምን ለብሳችሁ ትተኛላችሁ ብላ ጠየቀቻቸው። ሌሎቹ ‹ፒጂ› አሉ፤ በእንግሊዝኛው ቢጃማ ማለታቸው ነው። እሱ ‹አባዬን› አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት። ከዚያ ወዲህ ፒጂ ካልገዛሽልኝ አልማርም ብሎ አስጨነቀኝ።»

«ይኸው ገዛሽለት፤ አበቃ።»

«የት ያበቃል እትዬ? ዛሬ ጠዋት ካናቴራውን አምጥቶ ‹ወለል ወልውይበት› አለኝ።»

«ወለወልሽበት?»

«ቁም ሳጥን ውስጥ ደበቅኩት። አባቱ መጥቶ ካናቴራዬ የት ሄደ ቢለኝ ምን እላለሁ?»

እኔ ወሬያቸውን ስሰማ መውረጃዬ አለፈኝ። ይህን የምታነቢ መምህርት ከሆንሽ፣ ልጆቹን ምን ለብሰው እንደሚተኙ አትጠይቂያቸው።