ታጥቦ የተሰጣው የአቧራ ሳህን

(አሰብ፣ ነሐሴ ማለቂያ፣ ረፋድ ላይ። ዓመቱን ሙሉ የባሕር ዳሩን አቧራ ሲመዝን የከረመው የአየር ጠባይ ጣቢያ ኃላፊ ታረቀኝ፣ ከሰገነት ያወረደውን የሚያብረቀርቅ ሳህን ይዞ የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ዘርፌ ፊት ተገትሯል።)

ታረቀኝ፦ ይኸን ሳህን ማነው ያጠበው?

ዘርፌ፦ ከእኔ ሌላ ማን ያጥበዋል? ምነው፣ አልጠራም?

ታረቀኝ፦ መጥራቱ ነው ያቃጠለኝ! አቧራ እንዲያርፍበት ነው እኮ ያስቀመጥኩት። በየሳምንቱ የምመዝነው እሱን ነው።

ዘርፌ፦ አቧራ? በዚህ አገር? ወንበርዎን መታ መታ ቢያደርጉት ኪሎ ይሞላል።

ታረቀኝ፦ አይቀልዱ እትዬ! ከመቼ ጀምሮ ነው?

ዘርፌ፦ ከመጣሁ ጀምሮ። በበጋው እንኳ እርስዎ ሲጨርሱ በሳምንት አንዴ ለቅለቅ ማድረግ ነበር። ሰኔ ገብቶ ያ የበረሃ ነፋስ ሲነሣ ግን በቀን ሦስቴ ሆነ። አጥቤው ዞር ስል አፈር ለብሶ ይጠብቀኛል።

ታረቀኝ፦ ጉድ ሆንኩ! የሐምሌው ከታኅሣሡ አነሰብኝ ብዬ ሚዛኑን ስፈታ ስገጥም ከረምኩ እኮ!

ዘርፌ፦ ይጠይቁኝ ነበራ። አፍ የለኝም?

ታረቀኝ፦ ነገ ወደቡ ሪፖርቱን ይቀበላል። በክረምት አቧራው ይብሳል ካልኩ፣ ጫኝና አውራጆች ነፋሱ ሳይነሣ በጠዋት ብቻ ይሠራሉ። ወረቀቴ ግን ሐምሌ አየሩ ንጹሕ ነው ይላል!

ዘርፌ፦ ጫኝና አውራጆች? ባሌም?

ታረቀኝ፦ ባልዎም።

ዘርፌ፦ ወይኔ ዘርፌ! ክረምቱን ሙሉ ሲያስል የከረመውን ሰውዬ፣ በገዛ እጄ!

ታረቀኝ፦ በቃ፣ ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ። የሚመጣውን ዓመት መጠበቅ ነው።

ዘርፌ፦ ደረቱ ይጠብቅልኛል? እስቲ በሩ ላይ የተንጠለጠለውን የጽዳት መዝገብ ያምጡት።

ታረቀኝ፦ እሱ ደግሞ ምን ሊረባኝ?

ዘርፌ፦ «እያንዳንዱን እጥበት መዝግቢ» ብለው እርስዎ አይደሉ ያዘዙኝ? ያንብቡት። የሰገነት ሳህን፣ ታኅሣሥ?

ታረቀኝ፦ አራት ጊዜ።

ዘርፌ፦ ሐምሌስ?

ታረቀኝ፦ ሰባ... ሰባ ስምንት።

ዘርፌ፦ ንጹሕ ሳህን በወር ሰባ ስምንት ጊዜ የሚያጥብ እብድ አለ? ይኸንኑ ይጻፉላቸዋ!

ታረቀኝ፦ እትዬ፣ የጽዳት ሠራተኛ ፊርማ አይቶ ማን ያምነኛል?

ዘርፌ፦ የእኔን ይተዉት። በየቀኑ ከሥሩ «አይቼ አረጋግጫለሁ» ብሎ የፈረመው ማነው?