ቡአን በጣውላ

ሰው የገዛ አንጀቱን በጣውላ ደግፎ እስከ መቼ ይኖራል? ይህን ስጠይቅ ከረምኩ። ባለቤቴ አናጢ ነው። ቡአ ከያዘው ወዲህ ብሽሽቱ ላይ የሚያብጠውን በእጁ ወደ ውስጥ ይመልስና፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለሳትን ጣውላ አስደግፎ በቀበቶ ይጠፍረዋል። ደግሞ “ጠገንኩት” ይላል፣ የወንበር እግር ይመስል።

አንድ ጠዋት ቀዶ ሐኪም የሆነችው የልጅ ልጃችን ረስታው የሄደችውን ጃንጥላ ልትወስድ ጎራ ስትል፣ ላብ እያጠመቀው ቀበቶውን ሲያጠብቅ ደረሰችበት።

“አባባ፣ ምንድን ነው የታጠቁት?”

“የእጄ ሥራ ነው። ካንቺ ቢላ ይሻላል።”

ጎንበስ ብላ ዳሰሰችውና ፊቷ ተለወጠ። “ጠጥሯል። ከመቼ ጀምሮ ነው አልመለስ ያለው?”

“ከንጋት። ይለቀኛል።”

“አይለቅዎትም። አንጀትዎ በሆድዎ ጡንቻ ቀዳዳ ሾልኮ እዚያው ታንቋል። ደም ካጣ ይበሰብሳል፤ እርስዎንም ይዞ ይሄዳል። ይነሱ፣ ሆስፒታል እንሂድ።”

“አያትሽን እያት” አለ ወደ እኔ እየጠቆመ። “ዳሌዋን ቀየሩላትና አንድ እግሯ አጠረ። እኔ ጠረጴዛ እንዲህ አድርጌ ባስረክብ፣ ባለቤቱ በዚያው ጠረጴዛ ይፈነክተኛል።”

“ያኔ ሐኪሙ በዓይኑ ገምቶ ነበር የሠራው። ዛሬ ገና ሳንቀድ፣ ራጁን ኮምፒውተር ላይ አድርገን የእግሩን ርዝመትና የሚገባውን ብረት እንለካለን። የእርስዎ ደግሞ ዳሌ አይደለም፤ አንጀቱን መልሶ ቀዳዳውን በሰው ሠራሽ መረብ መድፈን ነው። ሳይታነቅ ቢነግሩኝ ኖሮ በማግስቱ ቤትዎ ነበሩ፤ ቁስሉ ሲጠግግም መላጊያዎን ይይዙ ነበር። አሁንም ከፈጠንን አንጀቱ ይተርፋል።”

“ብትሳሳቱስ?”

“ልንሳሳት እንችላለን። እዚህ ከተቀመጡ ግን ይሞታሉ።”

ቀበቶውን በአንድ ቀዳዳ አጠበቀው። ደሜ ፈላ። እልኸኝነቱን ስንቱን ዓመት ችዬዋለሁ፤ ይኼኛውን ግን አልችልም።

“አንተ ሰውዬ” አልኩት፣ “በእኔ እግር ፍርሃትህን አትሸፍን። ከመቀደዴ በፊት ሽንት ቤት እንኳ ተሸክመህ ነበር የምትወስደኝ፤ ረሳኸው? ዛሬ እያነከስኩም ቢሆን ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ። ሁለተኛው ዳሌዬም መታመም ጀምሯል፤ ተለክቶ ይቀየርልኛል። አንተን ግን በማን እቀይርሃለሁ?”

እግሬን አየው። ከዚያ ቀበቶውን ፈታ፤ ጣውላዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ብሽሽቱን በእጁ ደግፎ ጫማውን አጠለቀ። በመካከላችን አልፎ፣ ወደ ሆስፒታል ሊሄድ ከቤት ወጣ።