የጥርስ ሮንድ

ወደ ካራ በሚሄደው ውይይት ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊት ተፋጥጠን ተቀምጠናል። አንዲት ባልቴት ከመቀነታቸው ቆሎ ዘግነው ትይዩዋቸው ለተቀመጠች ልጅ ሰጧት። ልጅቷ ከአፏ ሽቦ ያለው ነገር አውጥታ አጠገቧ ለተቀመጠችው እናቷ አቀበለች።

«በስመ አብ! ጥርስሽ ወለቀ? በይ ቤት ስትደርሺ ጣራ ላይ ወርውሪው» አሉ ባልቴቷ።

«ጥርስ አይደለም እማማ፣ ሮንድ ነው!» አለች ልጅቷ።

እናቷ ሳቀች። «ጥርሷን ያቃናላት ኩባዊ ሐኪም ‹ተመልሶ እንዳይጣመም ጠባቂ ነው› ቢላት፣ እንደ ቀበሌው የሌሊት ጥበቃ ሮንድ መስሏት ነው።»

«አያማትም?»

«መጀመሪያ እያለቀሰች ትተፋው ነበር። እኔም ይጽዳ ብዬ በፈላ ውሃ ነክሬ አጣመምኩባትና እንደገና ተሠራላት። አሁን በቀዝቃዛ ውሃ የምታጥበው ራሷ ናት።»

«ታዲያ እንዴት እሺ አለች?»

«አባቷ ከዘመተ ወዲህ ነው።»

«አባዬ ሲመጣ ጥርሴ ተጣሞ ሌላ ልጅ እንዳልመስለው ነዋ!» አለች ልጅቷ።

ባልቴቷ ጉንጯን ዳበስ አደረጉና፣ «በይ ቆሎሽን ጨርሺና ሮንድሽን ቶሎ አስገቢው፣ የኔ እናት» አሏት።

መውረጃዬ ኮተቤ ላይ ቢያልፈኝም፣ ልጅቷ ሽቦዋን መልሳ እስክታደርግ ሳልወርድ ጠበቅኩ።