የአጋሮው ኪኒን ለሰቃ

ከአጋሮ ጅማ በሚሄድ መኪና ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጠች አንዲት እናት ጎኗ ያለውን ጤና ረዳት ለየችው።

«አንተ፣ አምና አዲሱን የወባ ኪኒን ልጆቻችን ላይ ስትሞክሩ አብረህ ነበርክ አይደል?»

«ነበርኩ፣ እናቴ።»

«ልጁ ያልዋጠ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝም አላችሁን። ልጄ ዋጠ፤ ወላሂ፣ ደነቆረ!»

«አውቃለሁ። ብዙ ልጆች ደንቁረዋል። ጽፈን ለበላይ አካል ልከናል።»

«ምን አሉ ታዲያ?»

«ውጤቱ የፀረ አብዮተኞች መሣሪያ እንዳይሆን አይታተምም ተባለ።»

«የልጄ ጆሮ ነው መሣሪያ የሚሆነው?»

«ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! የማይሰማው የኔው ልጅ ነው።»

 ደግሞ ጠየቀችው።

«አሁን ወዴት ነህ?»

«ከጅማ ወደ ሰቃ አልፋለሁ።»

«ምን ልትሠራ?»

«ያንኑ ኪኒን ልንሞክር። አዲሶቹ ሐኪሞች የአጋሮውን አልሰሙም።»

«ያ ረቢ! ንገራቸዋ!»

«ነግሬ ልታሰር? እኔም ልጆች አሉኝ።»

«እንግዲያ ኪኒኑን መጀመሪያ ለልጆችህ ስጥ!»



ሰቃ ያሉትን የእህቴን ልጆች ስም በሆዴ አንድ በአንድ እየጠራሁ ጅማ ገባሁ።