የሻምበል ደርብ ምሳ

(በአንድ አሳታሚ ድርጅት ጠባብ ቢሮ፣ በምሳ ሰዓት፤ አርታኢዋ እማዋይሽ እና ጡረተኛው ደራሲ ጋሽ ዘርጋው ከሰዓት በኋላ ማተሚያ ቤት በሚገባው የጠፈር ጦርነት ልቦለድ ላይ ተፋጠዋል።)

እማዋይሽ፦ አይሆንም አልኩ እኮ፣ ጋሽ ዘርጋው! ምዕራፍ ሰባት ይውጣ።

ዘርጋው፦ ምን አጠፋ?

እማዋይሽ፦ ምንም! ምንም ስለማይሠራ ነው የሚወጣው። ምዕራፍ ስድስት ላይ የጠላት መርከቦች ጨረቃዋን ከበዋል፣ የአንባቢ ልብ ተንጠልጥሏል፤ እርስዎ ሻምበል ደርብን ቁጭ አድርገው ምሳ ያበሉታል።

ዘርጋው፦ ሰው አይደለም እንዴ? አይርበውም?

እማዋይሽ፦ ይራበው። በአንድ መስመር ይብላና ይነሳ። አራት ገጽ ሙሉ ያኝካል!

ዘርጋው፦ ጓደኞቹ አልቀውበት ብቻውን ቀርቷል። ብቻውን ለሚበላ ሰው ምግቡ ቶሎ አይወርድለትም።

እማዋይሽ፦ ደግሞ ባዶ ወንበሮቹን ዞር ዞር ብሎ እያየ «እንብላ» ይላል። ለማን ነው? መርከቧ ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር የለም!

ዘርጋው፦ ለዚያ ነዋ የሚለው።

እማዋይሽ፦ አንባቢ አብዷል ነው የሚለው።

ዘርጋው፦ ይበል! እኔም ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ማታ ማታ እላለሁ። ቤቱ ጭር ሲልብኝ እላለሁ። አላበድኩም።

እማዋይሽ፦ ነፍሳቸውን ይማር። ግን ጋሼ፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ መሮጥ አለበት።

ዘርጋው፦ ይሩጥ። መጨረሻ ላይ ደርብ ሲሞት ታዲያ ማን ያለቅስለታል? አንድ ቀን እንኳ አብሮት ቁጭ ያላለ አንባቢ?

እማዋይሽ፦ ቦታ የለኝማ! ከተባለው ገጽ አንድም መጨመር አልችልም።

ዘርጋው፦ እንግዲያው ቁረጪው። ሌላውን ሁሉ ከጭንቅላቴ ነው ያመጣሁት፤ የኖርኩት እሱን ብቻ ነበር። በይ፣ ምሳሽም ቀዘቀዘ። እኔ ልሂድ።

እማዋይሽ፦ ኧረ ይቀመጡ! እንብላ።

ዘርጋው፦ ብዪ፣ ይባረክልሽ… አየሽ፣ አንቺም አልሽ።

እማዋይሽ፦ ሰው ስላለ ነዋ!

ዘርጋው፦ ሌላ ቀንስ? ይሄን በር ዘግተሽ ስትበዪ?

እማዋይሽ፦ ይቅረቡ እንጂ፣ ጋሼ።

ዘርጋው፦ ተይው፣ ልጄ። ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩሽ።

እማዋይሽ፦ ለዚህ ወንበር እላለሁ። እርስዎ ለተቀመጡበት።

ዘርጋው፦ ውይ፣ እማዋይሽ…

እማዋይሽ፦ ከጦርነቱ አራት ገጽ ይቀንሱልኝ፤ ደርብ ይብላ። ቧንቧው ኮሪደሩ ላይ ነው፤ እጅዎን ታጥበው ይምጡ።