ባዶ የሚሰፉ መርፌዎች

በጋሽ ገሠሠ የዩኒፎርም መስፊያ የተበላሸው መኪናው ሳይሆን ሰዉ ነበር። ከየስፌት መኪናው በላይ መብራት ከተሰቀለ ወዲህ፣ መካኒሳ ያለው ያ ሰፊ አዳራሽ ሲጮኽ ይውላል እንጂ የሰው ድምፅ አይሰማበትም። መርፌ ሲፈጥን መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲቆም ይቀላል። መብራቷ የቀላባት ትሰናበታለች።

የጥራት ክፍሏ ኦብሴ ጋሽ ገሠሠን ደረጃው ላይ ያገኘቻቸው በአጋጣሚ ነው። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገውን ሸጊቱን ሊያሰናብቱ ይወርዱ ነበር።

«ጋሽ ገሠሠ፣ አንድ ጊዜ ያዳምጡኝ።»

«ስመለስ፣ ልጄ። ይቺን ነገር ልጨርስ።»

«ስለ እሷው ነው።»

ቆሙ። ጋሽ ገሠሠ ራሳቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሠራተኛ ካልጠበቁት ይተኛል ብለው ያምናሉ። ኦብሴ ትዕግሥት የላትም፤ ትምህርት ቤቶች ስለሚመልሱት ልብስ፣ ከቁጥሩ ስለሚጎድለው የልብስ ካርቶን፣ ፈቃድ ጠይቀው በዚያው ስለሚቀሩት ሴቶች በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው።

«ሥራውማ እየተሠራ ነው» አሉ። «ስሚው እስቲ። እኔ መኪና በጆሮዬ ነው የማውቀው። ይሄ የሰነፍ ቤት ድምፅ ነው?»

«የፈራ ቤት ድምፅ ነው። ይምጡና በዓይንዎ ይዩት።»

ገቡ። መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ቀና ያለ ሰው የለም። በመጀመሪያው ረድፍ ገዲሴ ዓይኗን መርፌው ላይ ተክላለች፤ መርፌው ይወርዳል፣ ይወጣል። ከሥሩ ጨርቅ የለም። ክርም የለም። እጆቿ ግን የሌለውን ኮሌታ ጥግ በጥንቃቄ ያዞራሉ። ከእሷ ቀጥሎ ያለችውም እንዲሁ፣ ከዚያችም ቀጥሎ ያለችው።

ቀይ መብራት የበራው ዳር ላይ ብቻ ነበር። ከሥሩ ሸጊቱ የተጣመመ ኪስ ትተረትራለች።

ጋሽ ገሠሠ ወደ መጀመሪያው ረድፍ ተጠጉ። «ገዲሴ፣ ጨርቅ ካለቀ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርዎ ብነሣ ይቀላብኛል፣ ጋሼ» አለች፤ እግሯ አላቆመም።

ኦብሴ ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ያናድዳታል፤ እሳቸው ግን ማስረጃ ሳይሆን መላ ፈልገው ወደ እሷ ዞሩ።

«ታዲያ ዓይኔን ጨፍኜ ላሠራ?»

«አይጨፍኑ። መርፌ ቆጠሩ፣ መርፌ ሰጡዎት። ያለቀውን ልብስ ይለኩ፤ እሱንም የረድፉን በአንድ ላይ። ሲቀንስ ማናት የሰነፈችው ሳይሆን ምን ጎደለ ብለው ይጠይቁ። ያኔ ጨርቅ ሳያልቅ ይነገርዎታል። ነባሯ አዲሷን ታግዛለች። ጠማማው ኪስ ትምህርት ቤት ሳይደርስ እዚሁ ይተረተራል። በሄዱት ምትክ ሰው ሲያሠለጥኑም አይከርሙም።»

ሸጊቱ ለምን እንደመጡ ገብቷት ቦርሳዋን አንሥታ ነበር። ጋሽ ገሠሠ ወንበሯን አመለከቷት።

«ተቀመጪ» አሏት። «የምትተረትሪውን ጨርሺ።»

ወደ ግድግዳው ሄደው የመብራቶቹን ማብሪያ አጠፉት። አረንጓዴውም ቀዩም ጠፋ። መኪኖቹ ግን አልቆሙም። በደብዛዛው አዳራሽ እግሮች መርገጣቸውን፣ እጆች የሌለ ጨርቅ ማዞራቸውን ቀጠሉ።

«በቃ፣ አቁሙ» አሉ። የሰማቸው ያለ አይመስልም።

«እርስዎ እያሉ አይቆሙም» አለች ኦብሴ።

ሽማግሌው ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «እንግዲያው አንቺ ቅሪ። ምን እንደሚጎድላቸው ጠይቂና ንገሪኝ» ብለው ወጡ፤ በሩንም ከውጭ ቀስ አድርገው ዘጉት።